ሎሚ የነካው እብነ በረድ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሮማ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አጠገብ ካለች አንዲት ባር ገብቼ ማኪያቶ ስጠብቅ፣ አሳላፊው ልጅ ለሌላ ደንበኛ ሻይ ሎሚ ቆረጠና የቀረውን ግማሽ እብነ በረዱ ባንኮኒ ላይ በአፉ ደፍቶ ተወው። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ሎሚውን አነሳሁና ቦታውን በሶፍት ጠረግሁት። ልጁ ቅር ብሎት «ሲኞራ፣ እኛ እንጠርገዋለን» አለኝ። «እናንተ እስክትጠርጉት እሱ አይጠብቃችሁም» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም ለማስረዳት አልሞከርኩም። እርጥብ ድንጋይ ላይ ያረፈ የሎሚ ሽታ ግን ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ ቀኑን ሙሉ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ዋልኩ።

በዚያ ዓመት እኔና እናቴ የምንኖረው ሲኞራ ኤልቪራ የሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። እናቴ አልማዝ ፊሳ ነበረች፤ የምትሠራበት ቤት ውስጥ ታድራለች ማለት ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ አልጋ የምትይዝ ክፍል ተሰጥታን ሁለታችን እዚያች ላይ ተጣበን እንተኛለን። ልጅ ይዛ የመጣች ሠራተኛ የሚቀበል ቤት በቀላሉ አይገኝም ነበርና፣ ሲኞራ «ድምፅ እስካላሰማች ድረስ» ብለው ስለተቀበሉኝ እናቴ በየእሁዱ ስማቸውን እየጠራች ትጸልይላቸዋለች። እሳቸው የኔን ስም በትክክል መጥራት ስለማይችሉ ሂሩት መሆኔ ቀርቶ ኢሩት ሆኜ ነበር።

ወጥ ቤቱ መሃል ወፍራም ነጭ እብነ በረድ የተጋደመበት፣ ግራጫ ሥር የሚመስል መስመር ያለበት ጠረጴዛ አለ። ሟቹ ባለቤታቸው ጉይዶ ናቸው ያሠሩት። ሲኞራ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ላይ ነው። ነጭ ወይን ጠጃቸውን የያዘችውን ብርጭቆ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በስተግራ ጥግ ያስቀምጣሉ። እናቴ የጠረጴዛ ልብስ ስታነጥፍ እንኳ በዚያ ጥግ በኩል ያለውን መልሰው ያጥፉታል። እኔ ይህን ያየሁት በራሴ ዓይን ነው፤ ሴትዮዋ ድንጋዩን እንዳንጭርባቸው በየቀኑ ይመረምራሉ ማለት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ንፉግ ናቸው ብዬም ትንሽ ጠልቻቸው ነበር።

የእናቴ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ሰኔ ላይ ያበቃል። ለማሳደስ የሥራ ኮንትራት ያስፈልጋል፤ ኮንትራቱ ላይ የሚፈርሙት ደግሞ ሲኞራ ናቸው። እኔም እሷው ወረቀት ላይ ስለተመዘገብኩ የሷ ከቀረ የኔም ይቀራል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ግን እናቴ ወረቀቶቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ ስትዘጋ ፊቷን አይቼ ማወቅ ያለብኝን ሁሉ አውቄ ነበር።

በዚያ ጸደይ ሳይንስ የምታስተምረን ወጣት ፕሮፌሶሬሳ አንድ ቀን የቀይ ጥቅል ጎመን ቅቅል ውሃ በጠርሙስ ይዛ ክፍል ገባች። ውሃው ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው። ሎሚ ስታንጠባጥብበት ሮዝ ሆነ። ቢካርቦናቶ የሚሉትን ነጭ የመጋገሪያ ዱቄት ስትነሰንስበት ሰማያዊ፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት ስትጨምርበት አረንጓዴ ሆነ። «የሚኮመጥጠው አሲድ ነው። በጣት መሃል የሚያሟልጨው ቤዝ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰብራል» አለችን። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እናቴን ለምኜ አንድ ጎመን አስገዛኋትና ቤቱን ሙሉ መፈተን ጀመርኩ። አቼቶ ሮዝ ነው። የእናቴ የሊጥ እርሾ ሮዝ ነው፤ እሷም «መኮምጠጡን ለማወቅ ጎመን ማቃጠል ምን አስፈለገሽ? አትቀምሺውም?» አለችኝ። ከሲኞራ ብርጭቆ ሥር የቀረችው ወይን ጠጅም ሮዝ ሆነች። ከዚያ ሰዉንም ለሁለት ከፈልኩት። ሲኞራ ኤልቪራ ያለ አንዳች ጥርጥር አሲድ ነበሩ። እናቴ ቤዝ ናት። የሕንፃው በረኛ፣ ፖርቲዬሬው፣ ጠዋት ጠዋት አሲድ፣ ከምሳ በኋላ ቤዝ ነው። ራሴን የት እንደምመድብ ግን ቸግሮኝ ነበር።

እናቴ በአሲድ የታወቀች ባለሙያ ነበረች፤ ስሙን ብቻ አታውቀውም። የሮማ ውሃ ቧንቧው አፍ ላይ ካልካሬ የሚሉትን ነጭ ቅርፊት እያበጀ ይተዋል። እሷ በአቼቶ የነከረችውን ጨርቅ ቧንቧው ላይ አስራ አሳድራ ጠዋት ስትፈታው እንደ አዲስ ያበራል። አንድ ጊዜ ሲኞራ እንግዶቻቸውን ይዘው ገብተው መታጠቢያ ቤቱን አስጎብኝተዋል። ስለዚህ እናቴ በሎሚና በአቼቶ የማይለቅ ነገር በዚህ ዓለም ላይ የለም ብላ ታምን ነበር። የጎዳት ይኸው ሙያዋ ነው።

የነሱ ፋሲካ በሳምንት ቀድሞ አለፈ። የኛ ሊደርስ ሲል ሲኞራ ለሁለት ሳምንት እህታቸው ዘንድ ወደ ገጠር ሄዱ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው ጓንታቸውን እያጠለቁ «አሎራ አልማዝ፣ ስመለስ ያንን ኮንትራት እንጨርሳለን» አሉ። እናቴ ሊፍቱ እስኪወርድ ድረስ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ቅዳሜ ሁዳዴን ለመፍታት ዶሮ ገዛች። ዶሮ አስተጣጠብ ላይ እናቴ ቀልድ አታውቅም። በሎሚና በጨው እያሸች፣ ውሃውን እየደፋች፣ መጨረሻ ላይ የምትጠጣው እስኪመስል ኩልል እስኪል ድረስ ታጥባለች። የዕቃ ማጠቢያው ጠባብ ስለነበር ሳፋዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ብልቶቹ በሎሚ ውሃ ተዘፍዝፈው፣ የተጨመቁት ሎሚዎች በአፋቸው ተደፍተው፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያው ቆዩ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ አለቅስ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሳፋውን አነሳችና ጠረጴዛውን ወለወለች። ድንጋዩ ሲደርቅ ሎሚዎቹ የነበሩበት ቦታ፣ የሳፋውም ዙሪያ፣ ብርሃኑ ጠፍቶ ነጣ ያለ ድብዝዝ ነገር ሆኖ ታየ። «ስብ ነው» አለች። በውሃ አጠበችው፤ ጠፋ። ሲደርቅ ተመለሰ። እንደገና አጠበችው፤ እንደገና ጠፍቶ ተመለሰ። ያኔ እናቴ የምታውቀውን አደረገች፤ አዲስ ሎሚ ቆርጣ አሸችበት። አልበቃ ሲላት በአቼቶ የነከረችውን ጨርቅ እላዩ ላይ ዘርግታ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ተመልሰን ጨርቁን ስታነሳው ድብዝዙ የትሪ ያህል ሰፍቶ ጠበቀን። የዚያን ፋሲካ ዶሮ በላን እንጂ አልጣመንም።

ሰኞ ዕለት እንደገና አቼቶ ስታፈስበት ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። በጣም ቀጭን የሆነ፣ ሽው የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጎንብሼ ሳይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ይነሳሉ።

«እማ፣ ተይው። ድንጋዩን እየበላው ነው።»

«ሎሚና አቼቶ ያጸዳል እንጂ ምን ይበላል? ደግሞ ድንጋይ።»

ከቆሻሻው የእንቁላል ቅርፊት አወጣሁና አቼቶ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩላት። ቅርፊቱ አረፋ ለብሶ ሲወጣና ሲወርድ አየችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው ብርጭቆው ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። በማግስቱ ከቅርፊቱ የቀረው ስስ ቆዳ ብቻ ነበር። በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ አሳየችው።

«እንዲህ ነው ያደረግሁት?» አለች። «አገሬ እያለሁ ማንንም ያልበደለ ሎሚ!»

እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር ብል ይሻላል። መድኃኒቱን የማውቅ መስሎኝ ነበራ። አሲድ ያጠፋውን ቤዝ ይመልሳል። ቢካርቦናቶ በውሃ ለውሼ ድብዝዙ ላይ እንደ ቅባት ቀባሁት፤ አቡነ ዘበሰማያትም ደገምኩበት። ጠዋት ሳጥበው ድንጋዩ እንደነበረ ነው። ሁለተኛ ቀን ቀባሁ፤ ሦስተኛ ቀን ቀባሁ። ዓርብ ዕለት ተስፋዬ ተሟጦ ከክፍል መልስ ፕሮፌሶሬሳዋን ጠየቅኋት። የማን ጠረጴዛ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

«ቧንቧ ላይ የሚጋገረው ካልካሬና እብነ በረድ አንድ ዘር ናቸው» አለችኝ። «አቼቶው አንዱን ከአንዱ ለይቶ አያውቅም። ቢካርቦናቶው ጸቡን ያስቆማል። የተበላውን ግን አይመልስም፤ እሱ ከውሃው ጋር ሄዷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ኬሚስት አይደለም የሚያስፈልግሽ። ድንጋይ ሠራተኛ ነው።»

ድንጋይ ሠራተኛ አውቅ ነበር። ጋሽ ታደሰ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሁሉም ታላቅ ናቸው፤ ከመቃብር ስፍራው አጠገብ የመቃብር ድንጋይ የሚያዘጋጅ አንድ ማርሚስታ ዘንድ ይሠራሉ። እናቴ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኝ ነበር። «ሐበሻ ከሰማ ነገሩ እሁድ ሳይደርስ ሮማን ያዳርሳል» ነበር ያለችው። እሁድ ዕለት ቅዳሴ እንደወጣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ስትሳሳም እኔ ቀጥ ብዬ ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድኩ። መሐላዬን ማፍረሴን አውቃለሁ፤ ያኔም አልተጸጸትኩም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እያጠፉ ሰምተው ሲጨርሱ «ስንት ቀን አለን?» ብቻ አሉ።

«ስድስት፣ ጋሼ። ቅዳሜ ይመጣሉ።»

ሰኞ ከሥራ መልስ አንድ ከረጢት ይዘው በሩን አንኳኩ። እናቴ ከፍታ ስታያቸው መጀመሪያ ወደ እሳቸው፣ ከዚያ ወደኔ አየች። እሳቸው ፋታ አልሰጧትም።

«አልማዝ፣ ሰው ሲፈስክ ዶሮ ነው የሚበላው። አንቺ ጠረጴዛ ጀመርሽ አሉ።»

«ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎም ይሳቁብኝ።»

«ካልተሳቀ ክንድ አይሠራም። ውሃ አምጪ።»

ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እጄን ይዘው ዳር ላይ፣ ቀጥሎ መሃሉ ላይ አስቀመጡት። ዳሩ ብርጭቆ ነው፤ መሃሉ ጠመኔ ነው። «መሃሉ ዳሩን እስኪመስል ድረስ ታሻለሽ» አሉኝ። ከረጢቱ ውስጥ ከሻካራው እስከ ለስላሳው የተደረደረ ብርጭቆ ወረቀት ነበር። በውሃ እየነከርን፣ ክብ ክብ እያደረግን ማሸት ነው። ነጭ ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣል፤ በጨርቅ ይነሳል፤ እንደገና ይታሻል።

«አትጫኚው። ወረቀቱና ውሃው ይሥሩ፤ አንቺ ምሪው ብቻ።»

«ለምን እርስዎ አይሠሩትም? ቶሎ ያልቅ ነበር።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ የሙታን ስም ስጠርብ ነው የዋልኩ። ደግሞ አንቺ ነሽ የጠራሽኝ።»

ማክሰኞና ረቡዕም መጥተው አሳዩኝ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ቦርሳዬን ጥዬ በርጩማ ላይ ቆሜ አሻለሁ። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ። እናቴ «ይብቃሽ፣ እኔ ልያዘው» ስትለኝ እምቢ አልኳት። ፔርሜሶው እጄ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበርና ለማንም አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም። ረቡዕ ሲወጡ ጋሽ ታደሰ «ነገ አልመጣም። የጀመርሽውን በዚህኛው ወረቀት ጨርሺ፤ ከሱ ውጭ አንዳች እንዳትነኪ። ዓርብ የመጨረሻውን እኔ እሠራዋለሁ» አሉ።

ሐሙስ ብቻዬን ጨረስኩት። ኮርቼ ጉንጬን ድንጋዩ ላይ አስተኝቼ በብርሃኑ አግድም ሳይ፣ በስተግራ ጥግ ሌላ ድብዝዝ አየሁ፤ ቀጭን ክብ ነች። ከሳፋው የፈሰሰ ሎሚ መሆን አለበት አልኩ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ሥራዬን ሁሉ ልታሳጣኝ ስትል ማየት አናደደኝ። ከሻካራው ወረቀት ጀምሬ እስክትጠፋ ድረስ አሸኋት። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ ጋሽ ታደሰ ነጭ ዱቄት በቆርቆሮ ይዘው መጡ። ጓንት አጠለቁ፣ እኔንም ራቅ ብለሽ ቁሚ አሉኝ፤ መርዝ ነው። እኔ ግን ከዱቄቱ በማንኪያ ጫፍ ለምኜ ከጎመን ውሃዬ ውስጥ ጨመርኩት። ደማቅ ሮዝ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይሄ አሲድ ነው። እንደገና ሊበላው ነው።»

«አሲድ ነው እንጂ። ሎሚው የበላውን ይዞ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ይሄኛው ግን የነካውን አይለቅም፤ ከድንጋዩ ጋር ተጋብቶ ጠንካራ ቆዳ ሆኖለት እዚያው ይቀራል። ሁሉም አሲድ የዶሮ ሎሚ መሰለሽ?»

ዓለምን ለሁለት የከፈልኩበት ነገር በዚያች ማንኪያ ተበላሸብኝ። እሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ዱቄቱን ሲያሹት ብርሃኑ ከድንጋዩ ውስጥ እየተነሳ መጣ። ግራ ጥግ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«እዚህ ምን ነበር?»

«አንዲት ክብ ነበረች። አጠፋኋት።»

አየት አደረጉኝና ያንንም ወለወሉት።

ቅዳሜ ሲኞራ ገቡ። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ ኮንትራቱ የመደርደሪያው ጠርዝ ላይ እስክሪብቶ ተጭኖበት ይጠብቃል። ሲኞራ ተቀመጡ። ወይን ጠጃቸውን ቀዱ። ብርጭቆዋን ወደ ግራ ጥግ ወሰዱና ሳያሳርፉ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ድንጋዩን ዳሰሱት፣ መልሰው ዳሰሱት።

«የጉይዶ ክብ የታለች?»

እናቴ አልገባትም። እኔ ግን ገና ጥያቄው ሳያልቅ ምን እንዳጠፋሁ አወቅሁ።

«ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት የመጨረሻዋን ወይን እዚህ ጠጣ» አሉ ሲኞራ፣ ለማናችንም ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚነግሩ ይመስል። «ብርጭቆውን ከነእርጥበቱ ትቶት ተነሳ። ተቆጣሁት። ብፍቅ ብፍቅ አልለቅ አለኝ። ከሞተ በኋላ ስላልለቀቀ አመሰገንኩ።»

እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሲኞራ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ…» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፅ እንዳላሰማ የተነገረኝ ቤት ውስጥ ያን ያህል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዶሮውን፣ ሎሚውን፣ አቼቶውን፣ ቢካርቦናቶውን፣ ጋሽ ታደሰን፣ ክቧን። የእናቴ የሆነውን የእናቴ፣ የኔ የሆነውን የኔ አድርጌ ተናገርኩ። አላለቀስኩም። ፔርሜሶው አለቀለት ብዬ ስላመንኩ ቢያንስ እውነቱ በትክክል እንዲነገር ፈልጌ ነበር።

ሲኞራ ተቆጥተው ነበር።

«ሎሚ ነው ያደበዘዘው ያልሽው» አሉ። «ወይን ጠጅስ?»

«ወይን ጠጅም አሲድ ነው። ፈትኜዋለሁ። የጉይዶንም ክብ የሠራችው እሷ ናት።»

«አሁንስ ትሠራለች?»

«ጊዜ ከተሰጣት ትሠራለች፣ ሲኞራ። እስኪመሽ ብትቆይ ይበቃታል።»

ብርጭቆዋን እስክትሞላ ቀዱ፤ ከሞላችም በኋላ ቀዱ። ወይኑ በብርጭቆዋ እግር ወርዶ ሥሯን አራሰው። ከዚያ የቀድሞው ቦታ ላይ አስቀመጧት። እናቴ ጨርቋን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ተራመደች፤ በሕይወቷ የፈሰሰ ነገር አይታ አልፋ አታውቅም።

«አልማዝ፣ ተይው። ኢሩት እስኪመሽ አለችኮ» አሉ ሲኞራ። «አሎራ፣ ወረቀቱን አምጪ። እርጥቡ ጋ አይደለም፣ ወዲህ።»

በደረቁ በኩል ፈረሙ። እናቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ከዚያም ወደ ክፍላችን ገብታ በሩን ዘጋች። የብስኩቱ ቆርቆሮ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። እኔና ሲኞራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ብርጭቆዋን ስንጠብቅ ዋልን።

ሲመሽ እሳቸው ራሳቸው አነሷት፤ በጨርቅ ጠርገው እስኪደርቅ ጠበቁ። ክቧ ወጥታለች። ቀጭን ነች፤ በአንድ በኩል ትንሽ ተቆርጣለች። በጣታቸው ዞሯት።

«ይቺ የጉይዶ አይደለችም» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። እጃቸውን አንስተው የኔን ያዙና የተላጡትን ጣቶቼን ክቧ ላይ አሳረፏቸው።

«ያንቺ ናት። ስትጠርጊ ዙሪያዋን ጥረጊ።»

ከዚያ ቤት እስክንወጣ ድረስ ጠረጴዛውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ዙሪያዋን ነው የጠረግሁት።